ድምፅ የሌለው መብራት፦ አምስት ቀን በሀዋሳ ዳርቻ

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ብስክሌቴን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ካሰርኩት ጀምሮ ሐሳቤ በሙሉ ጣሪያው ላይ ነበረ። ሻሸመኔ ላይ ወርጄ ገመዱን አጠበቅኩ። ሀዋሳ ስንደርስ ግን የኋላው ማርሽ መለወጫ ወደ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት።

የአክስቴ ልጅ መናኸሪያው በር ላይ ብስክሌቱን ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ጉዳቱን አይቶ ምንም ሳይናገር ዛፍ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ አንድ ጠጋኝ ወሰደኝ። ሰውየው በዓይናቸው ለኩ፣ በእጃቸው ገፋ አደረጉ፣ ፔዳሉን አዙረው ካቴናው ከማርሽ ወደ ማርሽ ያለ ኮሽታ ሲያልፍ ሰሙና "ሂድ" አሉኝ። ሀዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ሰፋፊ መንገድ ያላት ከተማ ናት፤ እዚህ ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም እግር ነው፤ ጠጋኞቿም በዚያው ልክ የበሰሉ ናቸው።

የመጣሁት በአንድ የስልክ ንግግር ምክንያት ነው። የአክስቴ ልጅ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ከጨለመ በኋላ ከከተማው ወጥቶ በከብትና በእግረኛ መንገድ ይነዳል። "ቀን የምታውቀውን መንገድ ሌሊት አታውቀውም፤ መጥተህ እየው" ብሎኝ ነበር። እኔ ለ11 ዓመት ነድቻለሁ፤ እንጦጦን ወጥቼ ወርጃለሁ። ሌሊት ግን ከአስፋልት ወርጄ አላውቅም። ማታ ጎማችንን ትንሽ አስተነፈስን፤ ልል ጎማ ልቅ አፈርን የተሻለ ይይዛል። አንድ መብራት በመሪው ላይ፣ ሌላ በሄልሜቱ ላይ አሰርን፣ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ አድርገን ተኛን።

ሐሙስ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገዱን በፀሐይ ለማየት ወጣን። አላሙራ ተራራ ከከተማው በስተደቡብ ይቆማል፤ ግርጌውን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ መኪና የማይደፍረው፣ ሰኮናና እግር የጠረገው ነው። አፈሩ ነጣ ያለ ነው። ይህ አገር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በተፋው አመድና ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ መሬቱን ሲረግጡት ዱቄት ይሆናል። አንዱን ነጭ ድንጋይ አንስቼ በእጄ መዘንኩት፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የቀለለ ነው። ሐይቁ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ለጎማ ግን ክፉ ነው፤ ከሥር እየተንከባለለ ይከዳል።

የአክስቴ ልጅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስጠናኝ። "ዋርካው ጋ ወደ ግራ። ከቁልቋሉ አጥር በኋላ ሁለት ጊዜ ትነጥራለህ። ቀጥሎ ቦረቦሩ ነው፤ እዚያ ከመድረስህ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ።" ቦረቦሩን ወርጄ አየሁት። የክረምት ጎርፍ የቆረጠው ነው፤ ወገቤ ድረስ ይጠልቃል፣ በቀኙ በኩል አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ አፈር ቀርቶለታል። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አለፍኩት። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የማልፈው መሰለኝ።

ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከሐይቁ ማዶ ገባች። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ምሽቱ አያመነታም፤ 1 ሰዓት ከሩብ ሲል ጨለማው ድቅድቅ ነበር። ጨረቃ አልነበረችም።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር እንዴት ብዬ ልግለጸው? መንገዱ ያው ነው፣ ብስክሌቱ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ግን ዓለም በመብራቴ ልክ ጠበበች። ከፊቴ አንዲት ነጭ ቁራጭ መሬት አለች፤ ከእርሷ ወዲያ ምንም የለም። ቀን ላይ በዚህ መንገድ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነድቼ ነበር፤ ይህ በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ነው። መብራቱ በደንብ የሚያሳየኝ 20 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አይቼ፣ ተረድቼ ፍሬን የምይዝበት ጊዜ 3 ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ ዓይን የሚደርስበትን ያህል ብቻ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን በሐሳብ ማወቅ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ሲጎትት፣ ነፋሱ ፊት ላይ ሲመጣ ግን ጣት ከፍሬኑ ላይ ራሱን ያነሳል።

የአክስቴ ልጅ ከፊቴ ሲሄድ የሚያስነሳው አቧራ ሌላ ችግር ሆነብኝ። መብራቱ አቧራው ላይ አርፎ ወደ እኔው ይመለሳል፤ ነጭ ግድግዳ ውስጥ የገባሁ ያህል ነበር። ወደ ኋላ ስቀርለት አቧራው ጋብ ይላል፤ ግን የእርሱ ቀይ የኋላ መብራት ይርቅና ብቻዬን እቀራለሁ። አቧራውንና ብቸኝነቱን እያፈራረቅኩ ሄድኩ።

ከዋርካው አልፈን ስንወርድ በቀኝ በኩል ዓይኖች በሩ። አረንጓዴ፣ ብዙ፣ ከመሬት ዝቅ ያሉ። ትንፋሼ ቆመ። "ፍየሎች ናቸው" አለ የአክስቴ ልጅ ከፊት፣ ድምፁን ሳይለውጥ። የብዙ እንስሳት ዓይን ከኋላው እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ቁመታቸውንና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማየት እንጂ በብርሃኑ አትደንግጥ አለኝ። ፍየሏ ዝቅ፣ አህያው ከፍ፣ ውሻው ደግሞ ዓይኑ ወደ አንተ ይመጣል። ቆይቶ እንደ ገባኝ፣ ለሌሊት ጋላቢ ይህ ፊደል መቁጠር ነው።

የወደቅኩት በራሴ ውሳኔ ነው። የባትሪው ነገር አሳስቦኝ የመሪውን መብራት አጥፍቼ በሄልሜቱ ብቻ መሄድ ጀምሬ ነበር። ያላወቅኩት ነገር ይህ ነው፦ ሄልሜቱ ላይ ያለው መብራት ከዓይን ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚያይ፣ የሚጥለው ጥላ ከድንጋዩና ከጉድጓዱ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። ጥላ ከሌለ ጥልቀት የለም፤ ጉድጓዱም ጉብታውም እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። የመሪው መብራት ግን ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ የእያንዳንዷን ጠጠር ጥላ ያስረዝማል። ቁልቋሉን አልፌ ሁለቱን ንጥረቶች ቆጠርኩ። አንድ የዛፍ ሥር ጉድጓድ መስሎኝ በከንቱ ፍሬን ያዝኩ፤ በዚህ ተናድጄ ለቀቅኩት። ቀጥሎ የመጣው ልሙጥ መሬት ቦረቦሩ ነበር።

የፊት ጎማው ሲወድቅ አላየሁም፤ በእጄ መዳፍ ነው ያወቅኩት። በትከሻዬ አርፌ፣ ከወዲያኛው ዳርቻ ካለው ቁጥቋጦ እሾህ ውስጥ ገባሁ። ሄልሜቴ ላይ ያለው መብራት ወደ ሰማይ እያበራ ቀረ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ እያየሁ ለጥቂት ጊዜ አልተነሳሁም። ያመመኝ ክንዴ ነው፤ ያስፈራኝ ግን ጸጥታው ነው። ስነዳ የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ሸፍኖት የነበረ ጸጥታ፣ ስቆም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ በጸጥታው ውስጥም ራቅ ብሎ የሚሰበር ጭራሮ ይሰማል።

ዓርብ

ክንዴ አብጧል፤ መታጠፍ ግን ይችላል። ከእሾሁ አሥራ ሁለቱን በወረንጦ አወጣሁ፤ የጎማውን እሾህ ጎሚስታው ነቀለልኝ።

ጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። ታንኳዎቹ ገብተው ቆሮሶና አምባዛ ይራገፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣ አንገታቸውን ሰብቀው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ዛሬ ማታ በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን ልንነዳ ማሰባችንን የሰሙ አንድ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን መጠገን አቆሙ።

"ጉማሬ አለ" አሉ።

"ቀን አይተናቸዋል አባባ፤ ውኃ ውስጥ ናቸው።"

"ቀን ውኃ ውስጥ ናቸው፤ ማታ ግን ሣር ላይ ናቸው። የሰውን ሥጋ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወደ ውኃው መመለሻውን ነው። አንተ መመለሻው ላይ ከቆምክ ያን ጊዜ ነው።"

እርሳቸው ያሉት ትክክል ነው። ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል፤ ለዚያም ከውኃው ርቆ ይሄዳል። ያንን ግዙፍ አካል ይዞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ልቅ አሸዋ ላይ ብስክሌት ከዚያ አይፈጥንም። ይህን እያወቅን መሄዳችንን ዛሬ ስጽፈው ልክ እንዳልነበረ አምናለሁ። ወደ ጥቁር ውኃ አፋፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ ወደሚገባው ብቸኛ ወንዝ አቅጣጫ፣ ትንሽ ብቻ ተጉዘን ልንመለስ ተስማማን።

ከ2 ሰዓት በኋላ ነበር። የአክስቴ ልጅ እጁን አነሳ፤ ቆምን። በመጀመሪያ የሰማሁት አቡጀዲ ሲቀደድ ያለ ድምፅ ነው። ይቆማል፣ እንደገና ይቀደዳል። ሣር ነው፤ የሆነ ግዙፍ ነገር ከሥሩ እየነቀለ ይበላል። ድምፁ የመጣው ከቀኛችን፣ ከየብሱ በኩል ነበር። ውኃው በግራችን ነው። መንገዱ ላይ የቆምነው እኛ ነን።

መብራቴን ወደ ድምፁ ላዞር ስል የአክስቴ ልጅ ክንዴን፣ ያበጠውን ክንዴን፣ ያዘ። ሁለታችንም መብራታችንን ወደ መሬት ዝቅ አድርገን፣ ብስክሌቶቹን እየገፋን፣ በመጣንበት ዱካ ሐይቁን ተከትለን ተመለስን። አልሮጥንም። የጎማዬ መዘውር ሲዞር የሚያሰማው "ጢቅ ጢቅ" እንደ ከበሮ ሆነብኝ። መቀደዱ ቆመ። ሲቆም ከቀደመው የባሰ ሆነ፤ ምክንያቱም አሁን እያዳመጠ ያለው እርሱ ነው። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ይሁን ከመቶ አላውቅም፣ ከኋላችን ቁጥቋጦው ተተረማመሰ፤ ቀጥሎ ውኃው ተንቦጫረቀ። ወደ ቤቱ ገባ። መልኩን እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ሻይ ሰጠችን፤ የት እንደነበርን ጠየቀችን። ሁለታችንም "ሐይቅ ዳር" ብለን ዝም አልን። እስካሁን ያልነገርኳት እውነት ስለሆነ፣ እዚህ ከማንበቧ በፊት ሄጄ ልነግራት ይገባል።

ቅዳሜ

ቀኑን ተኛን። ማታ 1 ሰዓት ላይ ረጅሙን ዙር ጀመርን፦ በቱላ አቅጣጫ ወጥቶ፣ በእንሰትና በበቆሎ ማሳ መካከል አልፎ፣ አላሙራን በጀርባው ዞሮ ወደ ከተማ የሚመልሰውን። ሁለቱም መብራቶቼ በርተዋል፤ ከሐሙስ ተምሬያለሁ። መንዳቱም ከሐሙሱ የተለየ ሆነ። ጥላዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ጉልበቴን ልል አድርጌ፣ ብስክሌቱ ከሥሬ እንዲጫወት ትቼ፣ ዓይኔ ያላየውን እግሬ እንዲቀበለው ተውኩት። አንድ ሰዓት ያህል ደስታ ብቻ ነበር።

3 ሰዓት ከ20 ሲሆን የመሪው መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሙሉ ኃይል ላይ 2 ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚቆይ አውቅ ነበር፤ በደስታው ረስቼ ዝቅ አላደረግኩትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሄልሜቱም ደከመ። የአክስቴ ልጅ ከመታጠፊያው ወዲያ ሄዷል። ጠራሁት፤ ድምፄ እንሰቱ ውስጥ ሰምጦ ቀረ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ እጄን ዘረጋሁ፤ አላየሁትም። ከተራራው በኩል ጅብ ጮኸ፤ ያ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚታጠፈው ጩኸት። ሌላው ከሩቅ መለሰለት። ጅብ ሲጮህ ሩቅ ነው፤ ዝም ሲል ነው የሚፈራው እያለች አያቴ የምትነግረኝ ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜም ዝም አሉ።

ብስክሌቴን ተደግፌ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሴሎች ቀስ ብለው ነው የሚነቁት፣ አንድ ደማቅ ብርሃን ደግሞ ወዲያው ያስተኛቸዋል። ሦስት ሌሊት ሙሉ እነዚያን ሴሎች በገዛ መብራቴ ሳስተኛቸው ኖሬያለሁ። አሁን ነቁ። በመጀመሪያ ሰማዩ ከተራራው ተለየ። ቀጥሎ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ከዚያም፣ ይህን መቼም አልረሳውም፣ መንገዱ ራሱ ከመሬት ወጣ፤ ያ የረገምኩት ነጭ የእሳተ ገሞራ አፈር የከዋክብቱን ብርሃን ይዞ፣ እንደ ተዘረጋ ነጠላ በማሳው መካከል ተኝቷል። ትክ ብዬ ሳየው ይጠፋል፤ ከጎኑ ያለውን ሳይ ይመለሳል። እንሰቶቹ ታዩ፣ የጎጆ ጣሪያ ታየ፣ አጥር ታየ። መብራት በርቶ ሳለ በዚህ ሁሉ መካከል አልፌ አንዱንም አላየሁም ነበር።

ብስክሌቴን እየገፋሁ በዚያ ነጠላ ላይ ሄድኩ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ሰፊ ሆነ፣ ቦታ አገኘ።

የአክስቴ ልጅ እኔን ፍለጋ ሲመለስ መብራቱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በዚያች ቅጽበት እኔ ከሌላኛው ወገን ቆሜ አየሁት። አንድ ነጭ፣ ዓይን የሚሰብር ነገር፣ ያለ ምንም የሞተር ድምፅ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ወደ እኔ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ መሆኑን እያወቅኩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ማነው እሱ!" የሚል ጩኸት ከአጥሩ ተሰማ። ውሻ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ወጡ፤ ከኋላቸው በር ሲወረወር ሰማሁ።

"እኛ ነን አባባ፤ ሰዎች ነን። ብስክሌት ነው።"

"አጥፋው!" አሉ። የአክስቴ ልጅ አጠፋ። ጥቂት ቆይተው ቀረብ አሉን። በሲዳሙ አፎ ወደ ቤት አንድ ነገር ተናገሩ፤ የሴት ድምፅ መለሰላቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ።

"መኪና ቢሆን ይሰማል። ሞተር ብስክሌት ቢሆን ይሰማል። ይሄ መብራት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንትም መጣ፤ ልጆቹ አልተኙም። እኔም አልተኛሁም።"

ባለፈው ሳምንት የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ "እኔ ነበርኩ አባባ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

"ሌሊት የሚመጣ ሰው ድምፁን ያስቀድማል" አሉ ሽማግሌው፤ አልተቆጡም፣ ለልጅ እንደሚነገር ነበር የነገሩን። "አጥር ጋ ሲደርስ ይጣራል። ቤቶች! ይላል። እናንተ ዝም ብላችሁ ትመጣላችሁ፣ ዓይናችንን ታጠፋላችሁ፣ ትሄዳላችሁ።"

ሦስት ሌሊት ጨለማው ምን ይደብቅብኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ነበር። በዚያው ሌሊት እናት ልጆቿን ወደ ውስጥ ትሰበስብ የነበረው ከእኛ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ወተት አስመጡልን፣ ትኩስ። ቆመን ጠጣን። አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ወጥታ የብስክሌቱን ጎማ በጣቷ ነካች፤ ጎማ መሆኑን ስታረጋግጥ ሮጣ ገባች። ወደ ከተማ የተመለስነው በአንድ መብራት፣ እርሱም ዝቅ ተደርጎ፣ ቤት ባየን ቁጥር "ቤቶች!" እያልን ነው። ከአንዳንዱ ቤት "እደሩ በሰላም" የሚል መልስ ይመጣ ነበር።

እሑድ

ገበያ ሄደን ለከብት አንገት የሚታሰር ቃጭል ሁለት ገዛን፤ ከኮርቻው ሥር በሽቦ አሰርናቸው። ነገ እመለሳለሁ።

ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። በምዕራብ በኩል ቀጭን ጨረቃ ለጥቂት ታይታ ገባች። መብራቱን ከመሬት ከፍ እንዳይል ወደ ታች አዘንብለን፣ ኃይሉን ዝቅ አድርገን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ዋርካው ሥር ቁጭ አልን። ከዚያ ነዳን፤ ከሐሙሱ በእጅጉ ቀርፋፋ። ቁልቋሉ አለፈ። ሁለት ጊዜ ነጠርኩ። ፍሬን ያዝኩ፤ የቦረቦሩ ጥላ ጥቁርና ረጅም ሆኖ ከፊቴ ተኝቷል። በቀኙ በኩል አለፍኩት።

የሽማግሌው አጥር ጋ ከመድረሳችን በፊት ቃጭሎቹ ደርሰዋል። ውሻው ጮኸ። የአክስቴ ልጅ አፉን ከፍቶ "ቤ" እንዳለ፣ ከውስጥ የዚያች ልጅ ድምፅ ቀደመው፤ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ጮኻ ተናገረች። ምን አለች ብዬ ጠየቅኩት።

"ብስክሌቶቹ ናቸው፣ ተኙ አለቻቸው።"